የታሰረው ግራ እጅ

ሽምብራዋ ከመድኃኔ ጣቶች አምልጣ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለችና ጠርዙ ጋ ስትደርስ ቆመች። አይናዲስ ልታነሣለት እጇን ከሰደደች በኋላ መልሳ ሰበሰበችው።

«ይድገሙት» አለችው።

«አሁንም?»

«አዎ፤ ከመጀመሪያው።»

መድኃኔ ቀኝ እጁን እንደ ከባድ ዕቃ ወደ ሣህኑ ጎተተው። አውራ ጣቱና አመልካች ጣቱ ሲፈላለጉ ቆይተው በመጨረሻ ተገናኙ፤ አንዲት ሽምብራ ቆንጥሮ አነሣና አጠገቡ ወዳለው ባዶ ጣሳ ወስዶ ለቀቃት። ጠብ። አይናዲስ በመዳፏ የያዘችውን የመለኪያ ሰዓት ለማቆም የምትጫንበት ጣቷ በላብ ርሷል። ዐይኗን ከሽምብራው ላይ አላነሣችም። ፊቱን ካየች እንደማትችለው ታውቃለች።

ክፍሏ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲመጡ ከመንገዱ ገባ ያለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ናት። አብዮቱ ዐሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ከተማው አጥሩን ሁሉ ቀለም በሚቀባበት በዚያ በ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ጥናት ይካሄድ ነበር። በጦርነትም ሆነ በበሽታ ግማሽ አካላቸው የሰነፈ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ እንደ ወትሮው እየታሹና እየተለማመዱ ይታከማሉ። የቀሩት የሚታከሙት በአዲስ ዘዴ ነው፤ ደህነኛው እጃቸው በወፍራም የአቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይታሰርና ቀኑን ሙሉ በሰነፈው እጃቸው ብቻ እንዲኖሩ ይገደዳሉ። መብላቱም፣ መልበሱም፣ በር መክፈቱም በዚያው ነው። ደህነኛው ሲታሰር የሰነፈው ይነቃል ወይ? ጥያቄው ይህ ነበር።

አይናዲስ መዛኝ ናት። የማን እጅ እንደታሰረ፣ የማን እንዳልታሰረ ማወቅ አይፈቀድላትም። ወደ እሷ ከመምጣታቸው በፊት ከረጢቱ በሌላ ክፍል ይፈታና ሁሉም ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። በሩ ላይ በትልልቁ «ስለ ሕክምናዎ ለመዛኟ አይንገሩ» ተብሎ ተጽፏል። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ገብረዮሐንስ ሥራውን ሲሰጧት እንዲህ ነበር ያሏት፦

«ልጄ፣ ዐይን የወደደውን ያያል። አዲሱ ዘዴ እንዲሠራ ሁላችንም እንመኛለን። የትኛው በሽተኛ በአዲሱ እንደሚታከም ካወቅሽ ሳታስቢው ታደይለታለሽ። ያወቅሽ ቀን ሚዛኑ ተሰበረ ማለት ነው። ያን ቀን መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ከበሽተኞቹ አንዱን ብትወጂስ ብለው ግን አልጠየቋትም።

ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ለመጀመሪያው ልኬት በመጣበት ቀን፣ መድኃኔ ሽምብራውን ሁሉ ወለል ላይ በተነውና «ወርቅ ሲያነጥር የኖረ እጅ ሽምብራ ናቀ» ብሎ ራሱም ስቆ እሷንም አሳቃት። የአንገት መስቀል ላይ ሐረግ የሚቀርጽ እጅ ነበረው። ኦጋዴን ላይ የቦምብ ፍንጣሪ ራሱን መትቶ ቀኝ ጎኑን ካሰነፈበት ወዲህ ግን፣ በአባቱ በአቶ ገብረክርስቶስ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ መሸጥ እንጂ መሣሪያ መጨበጥ ቀርቶበታል። የዚያን ዕለት ሲወጡ ዝናብ ያዛቸውና በእሷ ጃንጥላ ሥር እስከ ራስ መኮንን ድልድይ አብረው ወረዱ። ጃንጥላውን በግራ እጁ የያዘላት እሱ ነበር። የእሱ ትከሻ በስብሶ፣ እሷ ደርቃ ደረሱ። በማግስቱ ዕጣው ወጣ። በሽተኞቹ ሁሉ መዛኟን ውጭ ካዩ መንገድ እንዲቀይሩ ታዘዙ።

ከዚያች ዝናብ በኋላ አይናዲስ ጣቷን ማመን አቃታት። ለመድኃኔ ሰዓቱን ቀድማ የምታቆምለት ይመስላታል። ስለዚህ ትከብድበታለች። ሌላውን አንዴ ካስደገመች እሱን ደጋግማ ታስደግመዋለች። የመጨረሻዋ ሽምብራ ጣሳው ውስጥ ጠብ ካለች በኋላም አንዲት ትንፋሽ ቆይታ ነው ሰዓቱን የምትጫነው። እንዳታደላ፣ ለፍርድ ብላ ነው። ለፍርድ የሚደረግ ነገር እንዲህ ያማል ወይ?

«ወይዘሪት አይናዲስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አላት ሲጨርስ።

«ስለ ሕክምናው ከሆነ አይቻልም።»

«ስለ ሕክምናው አይደለም። ጓደኛዬን ሲራጅን አንዴ ነው ያስደገሙት። እኔ ምን አጥፍቼ ነው?»

አይናዲስ ሰዓቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

«ደህና ይዋሉ፣ አቶ መድኃኔ።»

ተነሣ። ጃንጥላዋ ከበሩ ጀርባ ተሰቅላ ነበር። ሲያልፍ ቆም ብሎ ጃንጥላዋን አያትና ሳይነካት ወጣ።

* * *

«ንቃኛለች» አለ መድኃኔ።

ሲራጅ ማኪያቶውን በግራ እጁ ይዞ የወርቅ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተደግፏል። ፒያሳ ላይ ትንሿን የፊያት ሰይቼንቶ ታክሲ ሲነዳ የኖረ የወሎ ሰው ነው። አንድ ማለዳ ቀኝ ጎኑ ሳይነቃ ቀረበትና ወደ ጥናቱ ገባ፤ ዕጣውም ከታሺዎቹ ጋር ጣለው።

«ማናት የናቀችህ?»

«እያወቅህ።»

«ድገም ድገም ስላለችህ? አንተ ሰው፣ ሴት ልጅ ደጋግማ ድገም ካለችህ እኮ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጠልታሃለች፣ ወይ ቶሎ እንዳትወጣባት ነው። እኔን አንዴ አስደግማ "በቃ ይሂዱ" አለችኝ። ታዲያ የተናቀው ማነው?»

«የአንጥረኛ ልጅ መሆኔን ሰምታለች። እሷ የግራዝማች ልጅ ናት።»

«ግራዝማችም አንጥረኛም እኮ አሁን ጓድ ሆነዋል!»

መድኃኔ አልሳቀም። ግራ እጁ እስከ ክንዱ ድረስ በአቡጀዲ ከረጢት ገብቶ በገመድ ታስሯል። በቀኙ መቅረጫ ይዞ ቁራጭ ናስ ላይ መስመር ያሰምራል። መስመሩ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ግን ይሄዳል። በክረምቱ መግቢያ መቅረጫው ራሱ ከእጁ ይወድቅ ነበር።

አንዲት ሴትዮ ጉትቻዋን ልትወስድ ገባች። ከረጢቱን ስታይ ወደ ኋላ አለች፤ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነችና ጉትቻዋን ሳትረከብ ወጣች።

«እትዬ!» አለ ሲራጅ በሩ ላይ ቆሞ። «የታሰረው እኮ ደህነኛው ነው! የታመመው ይኼ የተፈታው ነው!»

ሴትዮዋ እርምጃዋን አፈጠነች። ሲራጅ ሊስቅ ብሎ የመድኃኔን ፊት ሲያይ ተወው።

«ቁምጥና ነው ብላ ነው አይደል?»

«ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ታዲያ አትነግራቸውም?»

«ብነግራቸው ወሬው ዞሮ እሷ ጆሮ ይገባል። ከገባ ልኬቱ ፈረሰ።» መድኃኔ መቅረጫውን አስቀምጦ ቀኝ እጁን ተመለከተው። «ሲራጅ፣ ይህ እጅ እየተመለሰ ነው። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? እሷ ሳታውቅ ብትለካው ግን ያምናሉ። ከኦጋዴን አብረውኝ የተመለሱ ስንት አሉ መሰለህ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ቤት የተቀመጡ! ለእነሱ ይተርፋል።»

ሲራጅ ማኪያቶውን ጨለጠ። ዝምታ ግን አይሆንለትም።

«ወይ ዕጣ! ያንተን ደህነኛውን አሰረችልህ፣ የኔን ሁለቱንም ፈትታ አባለገችብኝ።»

እሱ ከሄደ በኋላ የጊዮርጊስ ደወል ተሰማ። መድኃኔ ባሕር ማዶ ያለ ዘመዱ የጠራው ይመስል ቀና አለ። ከጦርነቱ ከተመለሰ ጀምሮ ቅጽሩን አልፎ አያውቅም፤ በቀኝ እጄ ሳላማትብ አልገባም ብሎ ተስሏል። የነፍስ አባቱ «እግዚአብሔር ግራ ቀኝ አይልም፣ ልጄ» ብለው ለምነውታል፤ እሱ ግን እልኸኛ ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጸልይና ይመለሳል። የመጨረሻው ልኬት ጳጉሜን ላይ ነው። የሚያስፈራው ልኬቱ አልነበረም። ልኬቱ ካለቀ በኋላ አይናዲስን የሚያይበት ሰበብ አለመኖሩ ነበር።

* * *

እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ከትርፍ ቤት አዋጁ በኋላ በቀረችላቸው አንድ ቤት ውስጥ፣ ወይዘሮ የሺዓለም ነጠላቸውን ሳያወልቁ ከልጃቸው ፊት ተቀመጡ።

«አይናዲስ፣ ስለዚያ ስለ ጠይቡ ልጅ የሰማሁትን ልንገርሽ?»

«የቱ ጠይብ?»

«በጃንጥላሽ የተጠለለው ነዋ! ሰው ያላየሽ መስሎሽ ነው? የፒያሳ ግድግዳ ሁሉ ዐይን አለው።»

«እማዬ፣ ጠይብ ምናምን የሚባል ነገር እኮ ቀርቷል።»

«በአዋጅ ቀርቷል፤ በአጥንት አልቀረም። አባትሽ ግራዝማች አባይነህ ቢሰሙ...» ብለው ወደ ነገራቸው ተመለሱ። «እሱስ ይሁን። ጠይብነቱንስ ዋጥ አድርጌ ልለፈው። የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ እጁን...»

«አትንገሪኝ!»

አይናዲስ ብድግ ብላ ሁለት ጆሮዋን ያዘች። ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ።

«በማርያም ይዤሻለሁ እማዬ! ስለ እጁ አንዲት ቃል እንዳትነግሪኝ!»

ወይዘሮ የሺዓለም አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ልጃቸው የሸሸችው የልኬቱን ሕግ እንዳታፈርስ መሆኑን በምን ይወቁት? እሳቸው የገባቸው ሌላ ነው፦ ታውቃለች። ቁምጥና እንደያዘው እያወቀች፣ ሲነገርም መስማት እስኪያማት ድረስ ወዳዋለች።

«እንዲህ ድረስ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

አይናዲስ ጆሮዋን ይዛ ስለነበር አልሰማቻቸውም። እናትና ልጅ እንዲሁ ፊት ለፊት ቆመው ለየብቻ ፈሩ።

* * *

የነሐሴ ጊዮርጊስ ዕለት ማለዳው ካፊያ ነበር። እናትና ልጅ ከቅዳሴ ሲወጡ በሩ ላይ ሰው ተጨናንቋል። ከአጥሩ ጥግ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ የአብዮት ጥበቃዎች አጥሩ ሥር የተቀመጡትን ነዳያንና በሽተኞች እያስነሡ ይጭናሉ። ለበዓሉ እንግዳ ይመጣል፤ ከተማው ማማር አለበት።

«ምግብም መጠለያም አለ፤ ለጥቂት ጊዜ ነው» ይላል አንደኛው። ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ያን ጊዜ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም።

መድኃኔ እንደ ልማዱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጸልይ ነበር።

«አንተ! ባለ ከረጢቱ! ና፣ ውጣ መኪናው ላይ!»

«ጓድ፣ እኔ ለማኝ አይደለሁም።»

«ማን ለማኝ አለህ? ቁምጥናም ይጫናል።»

«ቁምጥና አይደለም። ይኸው ልፍታና ይዩት» ብሎ ቀኝ እጁን ወደ ገመዱ ላከ። ያኔ ነው ከበሩ ከሚጎርፈው ነጭ ነጠላ መሐል የአይናዲስን ፊት ያየው። እሷ ገና አላየችውም። ከረጢቱን ወደ ጀርባው ሸሸገና ከአጥሩ ጋር ተጣበቀ።

የጥበቃው ፊት ተለወጠ።

«ምንድን ነው የደበቅኸው?»

«ምንም።»

«እጅህን አውጣ!»

ሌላኛው ጥበቃ ጠመንጃውን አቀባበለ። ያን ድምፅ የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰዉ ጎርፍ ቆመ፤ የሚያለቅሱ ሕፃናት እንኳ ዝም ያሉ መሰለ። በዝምታው መሐል አይናዲስ ዞር አለች።

«አወጣለሁ» አለ መድኃኔ። «ያቺ ልጅ ትለፍና አወጣለሁ።»

«የቷ ልጅ?»

«ስለ እግዜር ብላችሁ፣ እሷ ብቻ ዞር ትበል።»

ወይዘሮ የሺዓለም የልጃቸውን ክንድ ጨመቁ። «ያውልሽ! ቁምጥናውን ሲደብቅ! እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚዞረው እኮ...»

አይናዲስ አሁን ጆሮዋን አልያዘችም። ደረቱ ላይ ጠመንጃ ተደግኖበት አንድ ሰው ከእሷ ብቻ የሚደብቀው እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ዐይኑ ከዐይኗ ተጋጠመ። ሂጂ ይላታል። ፊቷን አዙራ ብታልፍ ማንም አያውቅባትም። ለዶክተሩ ምንም አላየሁም ልትል ትችላለች፤ እውነትም ከረጢቱን በዐይኗ አላየችም። የጥበቃው ጣት ግን ምላጩ ላይ ነው፤ የመድኃኔ እጅም ከጀርባው አልወጣም።

ወደ እሱ ሄደች። እናቷ ነጠላዋን ያዙ፤ ነጠላው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ወደ ኋላ በይ፣ ጓዲት!»

«ሐኪም ቤት ነው የምሠራው። ይህ ሰው ታካሚያችን ነው።»

«ታዲያ እጁን ምን ያስደብቀዋል?»

«ከእናንተ አይደለም የሚደብቀው። ከኔ ነው።»

«አይናዲስ፣ አትምጪ» አለ መድኃኔ። በስሟ ብቻ ሲጠራት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። «ትንሽ ቀን ነው የቀረን። እባክሽ ፊትሽን አዙሪ።»

«መድኃኔ፣ ጠመንጃ ነው የተደገነብህ።»

«ይደገን። አንቺ ካየሽው ሁሉም ነገር ፈረሰ ማለት ነው።»

«ፈርሷል። ቆመህ ስትደብቀኝ ነው የፈረሰው። አንተ ሞኝ!»

እጇን ወደ ጀርባው ሰድዳ ከረጢቱን ያዘችና ወደ ፊት አመጣችው። ገመዱ በካፊያው ርሶ ጠብቋል። ቋጠሮው እንቢ አላት። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ያዘችው። የሚያየው ሰው ሁሉ እሷ የቁምጥና ጨርቅ አፏ ውስጥ የከተተች መስሎት ዘገነነው፤ አንዲት ሴት ጮኸች። ገመዱ ተፈታ።

እጁ ወጣ። ከብርሃን ርቆ የከረመ እጅ ነው፤ ነጣ ብሏል፣ መዳፉ እንደ ሕፃን ለስልሷል፣ ጣቶቹ ግን ሁሉም አሉ። አይናዲስ ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አደረገችው።

«ይኸው! ደህና እጅ ነው። የታመመው ያኛው ነው።»

ጥበቃው ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ አንዴ ወደ ግራው፣ አንዴ ወደ ቀኙ ተመለከተ።

«ታዲያ ደህነኛውን ምን ብላችሁ ታስራላችሁ? አብዳችኋል እንዴ?»

«ሕክምና ነው፣ ጓድ።»

«ምን ዓይነት ሕክምና ነው! ሂዱ ከዚህ! ቶሎ!»

ከሰዉ መሐል አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ በፍርሃት የታፈነ ሳቅ ነበር። መኪናው ተነሣ። ከላይ የተጫኑት አንገታቸውን አዙረው እነዚህን ሁለት ሰዎች እያዩ ሄዱ። እነሱን ታካሚያችን ናቸው የሚል አልተገኘም።

መድኃኔ የተፈታ እጁን እንደ ባዕድ ነገር ይዞ ቆሟል። ዐይኑ ውስጥ እንባም ቁጣም አለ።

«ለምን? እየናቅሽኝ እንኳ ትለኪኛለሽ ብዬ ነበር የታገሥሁት።»

«ንቄህ?»

«ሌላውን አንዴ፣ እኔን መላልሰሽ። አንጥረኛ ስለሆንሁ አይደለም?»

«ስለምወድህ ነው!» አለችው። ድምፅዋ ከራሷ ቁጥጥር ወጥቷል፤ እናቷ መስማታቸውንም ረስታለች። «ስለምወድህ ጣቴን አላመንሁትም። ላንተ ያደላሁ እየመሰለኝ ከበድሁብህ። ሰዓቱን ሁልጊዜ አዘግይቼ ነው የማቆምብህ። እየቀነስሁ ነው የመዘንሁህ፣ መድኃኔ።»

መድኃኔ ባዶውን ከረጢት ከእጇ ወሰደ።

«ታዲያ ሚዛኑ የተሰበረው ዛሬ አይደለም» አለ።

«አይደለም። የዝናቡ ቀን ነው።»

ወይዘሮ የሺዓለም ባዶ ነጠላ ይዘው ቆመው ነበር።

* * *

አይናዲስ የዚያኑ ዕለት ዶክተር ገብረዮሐንስ ዘንድ ገብታ ሁሉን ተናገረች፤ ጃንጥላውንም፣ ትንፋሿንም፣ ከረጢቱንም። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ሲያሹ ቆዩ።

«እኔ ያልሁሽ ሚዛኑ ሲሰበር ንገሪኝ ነው። ማክበድም ማድላት ነው፣ ልጄ።»

«አሁን ገብቶኛል።»

«እሱን ከጥናቱ ማስወጣት ነበረብኝ።»

ዶክተሩ መዝገቡን ገልጠው ቀኖቹን ፈለጉ።

«የመጀመሪያው ልኬት ግን ከጃንጥላው በፊት ነው» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «እሱ ንጹሕ ነው። መሐል ላይ የለካሽውን እተወዋለሁ። የመጨረሻውን ማንንም የማታውቅ ሰው ትለካዋለች። የሆነውንም ሁሉ እንደሆነ እጽፋለሁ። አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሰዓት አትይዢም።»

ስሟ ከጥናቱ ወጣ። ወደ ቀድሞ ሥራዋ፣ በሽተኛ ወደ ማሸቱ ተመለሰች።

ጳጉሜን ላይ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ከመመዘኛው ክፍል ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከሌላ ክፍል የመጣችው ወይዘሪት ዐፊፋ መድኃኔን አስገብታ በሩን ዘግታለች። ሲራጅ አጠገቧ ተራውን ይጠብቃል።

ወይዘሮ የሺዓለም ውኃ እያንጠባጠቡ ገቡ። በቤታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጃቸው «ብዪ፣ ጠጪ» ከማለት በቀር የተናገሯት አልነበረም።

«ዶክተሩ የት አሉ? እጁን ባየውም ልቤ አላረፈም፤ እኔ ራሴ ጠይቄ ቁርጡን ልወቅ። ቁምጥና ነው አይደለም?»

«ይመጣሉ፤ ተቀመጪ እማዬ።»

«እማማ፣ ቁምጥና ቢሆን እኔ ከሱ ጋር ማኪያቶ እጠጣ ነበር?» አለ ሲራጅ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሲራጅ ነኝ። ዕጣ ያላሰረው» አለ በሹክሹክታ።

ወይዘሮ የሺዓለም ገላምጠውት ከአግዳሚው ዳር ተቀመጡ። ከበሩ ወዲያ አንድ ድምፅ መጣ። ጠብ። ቆየት ብሎ እንደገና ጠብ።

«ቤቱ ያፈሳል እንዴ?»

«ሽምብራ ነው። እሱ ነው እማዬ፣ በቀኝ እጁ አንድ በአንድ እያነሣ።»

«አሃ! ሽምብራ ለቅሞ ሊያገባሽ ነው?»

አይናዲስ ድምፁን ትከተላለች። አሁን ፊቱ አይታያትም፣ ጣቱ አይታያትም፤ የምትጫነውም ነገር የለም። ጠብ፤ ጠብ። ከዚያ አንዷ ወለሉ ላይ ወደቀችና ስትንከባለል ተሰማ። «እሰይ!» ሊሉ የመጡት ወይዘሮ የሺዓለም «ወይኔ!» አሉ።

«ምንም አይደል፤ ይቀጥሉ» አለች የዐፊፋ ድምፅ።

ጸጥታ ሆነ። ረዘመ። አይናዲስ እናቷን ልታናግር አፏን ስትከፍት የእናቷ እጅ ጉልበቷን ጨበጠ።

«ዝም በይ፣ ልስማበት!»

ጠብ።

ወይዘሮ የሺዓለም አማተቡ። ወዲያው አፍረው ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ መሰሉ። ሲራጅ ጣራ ጣራውን አየ።

በሩ ሲከፈት መድኃኔ ወዝቶ ወጣ። ስንት ሆነ ብሎ የጠየቀው የለም፤ እሱም አያውቅም፤ ልኬቱ ገና ከሌሎቹ ጋር ይደመራል። እናትዮዋን ሲያይ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ወይዘሮ የሺዓለም ሁለቱንም እጆቹን ትክ ብለው መረመሩ፤ ግራውን አይተው ቀኙ ላይ ቆዩ።

«ወዴት ነህ?» አሉት።

«ወደ ጊዮርጊስ ነኝ፣ እትዬ።»

የልጃቸውን ጃንጥላ ከአግዳሚው አንሥተው ሰጡት።

«ያዝላት። እሺ ማለቴ እንዳይመስልህ። ዝናብ ስለሆነ ነው።»

መድኃኔ በቀኝ እጁ ተቀበለ። ወይዘሮ የሺዓለም ከኋላ፣ ሁለቱ ከፊት ሆነው ወጡ። ጃንጥላው እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እሷ ያዘነብላል። የአይናዲስ ትከሻ በሰበሰ። ደርቃ ከሄደችበት ቀን ይልቅ ግን ሙቀት ተሰማት።

የጊዮርጊስ በር ላይ ሲደርሱ ጃንጥላውን አስያዛትና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ። ቀኝ እጁ ተነሣ። ግንባሩ ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ እዚያ ደርሶም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወደ ደረቱ ወረደ። ወደ ግራ ትከሻው ሲሄድ መንገድ ላይ ወደቀ። መድኃኔ እንደገና ከግንባሩ ጀመረ።

የአይናዲስ አውራ ጣት እንደ ልማዱ ሰዓቱን ፈለገ። ሰዓት አልነበረም። ዝናቡ ውስጥ ቆማ፣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።